ብራንዱ የተወለደው በጫማው ነው ወይስ በፎቶው? ከሀዋሳ የተነሳ ረጅም ክር

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ያነሳው ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ስኒከር የሚሸጥ ወጣት ነው። ከቦንዳ የሚወጡ ጫማዎችን ይመርጣል፣ ያሳጥባል፣ ሞዴሎች አድርገውት ሐይቁ ዳር ፎቶ ያስነሳል፣ ከዚያ በቴሌግራም ይሸጣል። አሁን ነገሩ ከሱቅ አልፏል። ስም አለው፣ ምልክት አለው፣ ቲሸርትም ማሳተም ጀምሯል። የቀረው የብራንዱን መነሻ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ረቂቁን ለጥፎ አስተያየት ጠየቀ።

ረቂቁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የስኒከር ባህል የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ከማይክል ጆርዳን ጀምሮ በሂፕ ሆፕ ልጆች በኩል ዓለምን አዳረሰ። የእነሱ ብራንድ ደግሞ የተወለደው የመጀመሪያው ጥንድ ጫማ የተሸጠ ቀን ነው። ፎቶው በኋላ የመጣ ማድመቂያ ነው። ከታሪኩ የተሳሳተ ነገር ካለ አርሙኝ፣ የቀረ ካለ ጨምሩልኝ ነው ጥያቄው።

ጥያቄው መድረካችን ላይ የከፈተውን ይህን የውይይት ክር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ምላሾቹን በቁጥራቸው እያነሳሁ የተባለውን በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

ከ1 እስከ 3

1ኛው ምላሽ የአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በምስጋናና በምርቃት ገባ። ከዚያ ታሪኩን ከጆርዳን መጀመር ብዙ ዘመን እንደሚዘል በትሕትና አስረዳ። የኮንቨርስ ኦል ስታር የቅርጫት ኳስ ጫማ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ቸክ ቴይለር የተባለው ሰውዬ ተጫዋችም ሻጭም ነበር። በየከተማው እየዞረ ልጆችን ቅርጫት ኳስ ያሠለጥናል፣ በዚያው ጫማውን ይሸጣል። ፊርማው ጫማው ላይ ያረፈው በ1930ዎቹ ነው። የሰው ስም ከጫማ ጋር ማያያዝ ከጆርዳን በፊት ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖሯል ማለት ነው።

2ኛው ይህን ተቀብሎ አንድ ነገር አረመ። ጫማ መኖሩና የጫማ ባህል መኖሩ አንድ አይደለም ባይ ነው። ማስረጃው የናይኪው ኤር ፎርስ 1 ነው። ብሩስ ኪልጎር የነደፈው ይህ ጫማ በ1982 ወጣ። የዚያን ጊዜ የናይኪ ልማድ አንዱን ሞዴል ለጥቂት ጊዜ ሸጦ ወደ ሌላው ማለፍ ነበር። ይህንንም ሊያቆሙት ሲሉ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ያሉ ሦስት ሱቆች አይሆንም አሉ። ደንበኞቻቸው ጫማውን እየፈለጉት ነበርና በአዲስ በአዲስ ቀለም እንዲመረትላቸው አስደረጉ። ከሌላ ከተማ ሳይቀር ሰው ለመግዛት መምጣት ጀመረ። ፋብሪካው የተወውን ሰፈሩ አልተውም ብሎ ሲይዘው፣ ባህሉ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ይላል።

ይህ ምላሽ ለእኛ ቅርብ ነው። ሀዋሳም የሚደረገው ሌላው ዓለም አድርጎ የተወውን አንስቶ ማድመቅ ነው።

3ኛው አጭር ነው። በ1986 ረን ዲኤምሲ የተባሉት የኒው ዮርክ ራፐሮች አዲዳስ ጫማ ያለ ማሰሪያ እያደረጉ መድረክ ይወጡ እንደነበር፣ ኩባንያውም በ1 ሚሊዮን ዶላር እንዳስፈረማቸው አስታወሰ። ስፖርተኛ ሳይሆኑ በስፖርት ጫማ የተፈራረሙ ስለሆኑ ረቂቁ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይገባቸዋል ብሎ ተሰናበተ።

ከ4 እስከ 6

4ኛውን የጻፉት መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ናቸው። አሜሪካ አሜሪካ የሚለው ነገር ሆዳቸውን አላሰኘውም። እሳቸው የጀመሩት ከሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አበበ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው የሚቀጥለውን ነው። በ1961 አበበ ጃፓን ሄዶ የማይኒቺን ማራቶን ሲሮጥ፣ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ የኮቤ ጫማ ሠሪ ሆቴሉ ድረስ ሄደ። ባዶ እግሩን እንዳይሮጥ ለመነው። አበበም የሰውየውን ጫማ አድርጎ ሮጠና አሸነፈ። ጫማው ኦኒትሱካ ታይገር ይባላል። ፊል ናይት የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በቀጣዩ ዓመት ኮቤ ሄዶ ይህንኑ ጫማ አሜሪካ ለመሸጥ ተስማማ። በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር ብሉ ሪበን ስፖርትስን አቋቋመ። ያ ድርጅት በ1971 ናይኪ በሚለው ስም መሥራት ጀመረ።

ጋሼ ከዚህ ተነስተው የናይኪ አባት አበበ ነው አላሉም። ጨዋ ሰው ናቸው። ያሉት የጫማው ታሪክ ሲጻፍ የእኛ ሰው መሃሉ ላይ ቆሞ እንደነበር፣ ልጆቹም ይህን ሳያውቁ ከውጭ የተቀበልነው ብቻ አድርገው መጻፋቸው እንደሚያሳዝን ነው።

5ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ልጅ፣ ስኒከር ስለሚሰበስብ ትውልድ እየተወራ በባዶ እግሩ ስለሮጠ አትሌት ምን ያገባናል በሚል መንፈስ ጻፈ። የሮጠበትና የሚዘነጥበት ለየቅል ነው አለ።

6ኛዋ አላሳለፈችውም። የአትሌቲክስ አፍቃሪ ናት። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ፑማ አድርጎ እንደነበር አስታወሰችው። ዛሬ ለዘነጣ የሚደረገው ጫማ ሁሉ ትናንት የሮጡበት ወይም ኳስ የተጫወቱበት መሆኑንም ነገረችው። ፑማና አዲዳስ ራሳቸው ሄርዞገናውራህ በምትባል የጀርመን ትንሽ ከተማ ከተጣሉ ወንድማማቾች የወጡ ናቸው። ሩዶልፍ ዳስለር በ1948 ፑማን፣ አዲ ዳስለር በ1949 አዲዳስን አቋቋሙ። ልጁ መልስ አልሰጠም። ላይክ ግን አድርጓል።

7 እና 8

7ኛውን የጻፈው ጫማ እጥበት የሚሠራ ልጅ ነው። በሊስትሮ ጀምሮ አሁን ስኒከር ብቻ ያጥባል። ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው፤ ምክንያቱም እጁ ያለፈበትን ነገር ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ በረኪናን ከሰሰ። ሰው ነጭ ሶል ሲቆሽሽበት በረኪና ያፈስበታል። ለጊዜው ይነጣል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። እሱ የሚሠራው ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ነው። የጫማውን ክር አውልቆ ለብቻ ይዘፈዝፋል። ሲያደርቅ ጥላ ውስጥ ነው፣ ውስጡን በወረቀት ጠቅጥቆ፤ ቅርጹ እንዳይወድቅ። ሻሸመኔ መንገድ ላይ ፀሐይ ላይ ያሰጡትን ጫማ ሶሉ ከቆዳው ተላቆ እንዳየው ጻፈ፤ ፀሐይ ማስቲሹን ያላቅቀዋል።

ከዚያ ወደ ትልቁ ነገር ገባ። ደንበኛ ከቦንዳ የወጣ ጆርዳን 4 ይዞለት ይመጣል። የላይኛው ቆዳ አዲስ ነው፣ እጥፋት እንኳን የለውም። ሶሉን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ግን ብስኩት ነው። መሃለኛው ሶል የሚሠራው ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር ነው። ፖሊዩረቴን ከእርጥበት ጋር እየቆየ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ሳይደረግ ሳጥን ውስጥ የኖረ ጫማ ጭምር ይፈርሳል፤ እንዲያውም ሲደረግ የኖረው የተሻለ ይቆያል ይላል ልምዱ። ኤር ፎርስና ጆርዳን 1 ግን ውጫቸው ጎማ ስለሆነ ይህ ችግር ብዙም አያገኛቸውም። ስለዚህ ሻጩ ወንድማችን ፎቶ ከማስነሳቱ በፊት ጫማውን ለእሱ ቢያሳየው ደንበኛ እንደማያጣ መከረው።

8ኛው ይህ የደረሰበት ሰው ነው። የጓደኛው ሚዜ ነበር። ሚዜዎቹ ሁሉ ሱፍ በስኒከር ለማድረግ ተስማምተው፣ እሱ ከቦንዳ የተገዛ ጆርዳን አደረገ። ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ አሞራ ገደል ለፎቶ ሲወርዱ ፎቶ አንሺው ዝለሉ አላቸው። እሱ ዘለለ፤ ሶሉ ግን ቀረ። ሙሽራዋ ሳትቀር ቆማ እየጠበቀችው የአንዱን ጫማ ፍርፋሪ ሣሩ ላይ ለቀመ። የቀረውን ቀን በሙሽራው ወንድም ሸበጥ ነው የዋለው። የገዛበትን ሱቅ አልጠቀሰም፤ ባለመጥቀሱም አመሰገንኩት።

ከ9 እስከ 11

እዚህ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ከቦንዳ የሚመጣው ኦሪጅናል ነው፣ አይደለም፣ ማስተር ኮፒ በምን ይለያል፣ ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ። አንዷ ሀዋሳ ያንን የሚያህል ኢንዱስትሪ ፓርክ ይዛ ለምን ስኒከር እንደማትሠራ ጠየቀች። እዚያ የሠራ ልጅ መለሰላት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ፓርክ ለልብስ ነው የተገነባው፤ እሱ ሸሚዝ ነበር የሚሰፋው። በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ዕቃ ከሚላክበት የንግድ ዕድል፣ ካገደች በኋላ ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ጫማ የሚባል ከሆነ ዱከም ያለው የቻይናው ኋጂያን ነው፣ በ2012 ማምረት የጀመረ።

ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችውን ሶልሬብልስን ያነሳም አለ። የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን በረባሶ ለዓለም ገበያ ያበቃች ሴት ናት። የመነሻ ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ማየት የሚፈልግ ከእሷ ይማር ተባለ፤ የሰፈሯን ስም ሳትደብቅ ነው ጫማ የሸጠችው።

ቀጥሎ የሀዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ደጋፊዎች በማልያና በታኬታ ተያያዙ። እሱን ወደ ሌላ ክር ወሰድኩት።

12 እና 13

12ኛው ውይይቱን መልሶ መሥመር አስያዘው። የጻፉት ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ረቂቁን ሁለቴ አንብበውታል። የከፋቸው ማድመቂያ የሚለው ቃል ነው።

እሳቸው እንደሚሉት በአገራችን ሰው አዲስ ጫማ የገዛ ዕለት መጀመሪያ የሚሄደው ፎቶ ቤት ነበር። ለዓመት በዓል ልጆች ሸራ ጫማ ተገዝቶላቸው ሲመጡ እናቶች ፎቶው ላይ የልጆቹ እግር እንዳይቆረጥ ይለምኗቸው ነበር። ካሜራው ጉልበት ላይ ከቆመ ብር አይከፈልም። መጋረጃው ላይ የተሳለ ፏፏቴ፣ አንድ ወንበር፣ ፕላስቲክ አበባ፤ ዓይን ግን የሚሄደው እግር ላይ ነው። ይህ ሙያ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት በታወቁት እንደ ቦያጂያን ባሉ አርመኖች እጅ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀመሩ፣ ልጆቻቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ቀጠሉ። ከዚያ እየወረደ እየወረደ የክፍለ ሀገር ፎቶ ቤት ደረሰ። ማሊም እንዲሁ ነው። ማሊክ ሲዲቤ በ1960ዎቹ ባማኮ ላይ ወጣቶችን ከነጫማቸው፣ ከነሞተራቸው፣ ከነሬዲዮናቸው አነሳ። በ2007 የቬኒስ ቢያናሌ የሕይወት ዘመን የወርቅ አንበሳ የተሸለመው በዚያ ሥራው ነው።

ስለዚህ በጫማ ተውቦ ፎቶ መነሳት ከኢንስታግራም የመጣ ነገር አይደለም። ልጆቹ የቀጠሉት የፎቶ ቤቱን ሥራ ነው፤ መነሻቸውን ሲጽፉ ይህን ቢያውቁት ደስ ይላቸዋል።

13ኛው የጠያቂው ራሱ ነው። ጋሼዎችን አመሰገነ፣ አቋሙን ግን አልለቀቀም። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለጫማ ነው፣ ለፎቶ የሚከፍል የለም አለ። ለምሳሌ ጆርዳንን አመጣ። ኤር ጆርዳን 1 በ1985 በ65 ዶላር ሲሸጥ ሰው የተሰለፈው ኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ያገደው ጫማ ስለተባለ ነው ብሎ ተከራከረ።

14

14ኛውን የጻፈው አዳማ የሚኖር የግራፊክስ ባለሙያ ነው። ገና ሲጀምር በታገደው ጫማ ላይ አረመው። ኤንቢኤ በየካቲት 1985 የጻፈው ደብዳቤ ጆርዳን በጥቅምት 1984 ስላደረገው ቀይና ጥቁር የናይኪ ጫማ ነው። ያ ጫማ ኤር ሺፕ የተባለው ሌላ ሞዴል እንደነበር የሚያስረዱ ብዙዎች ናቸው። ኤር ጆርዳን 1 ታገደ የሚለው ታሪክ የማስታወቂያ ሥራ ነው።

ዋናው ነገሩ ግን ሌላ ነበር። የጆርዳንን ምልክት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እግሩን ከፍቶ፣ ኳሷን በግራ እጁ ወደ ላይ ዘርግቶ የሚበረው ሰው። ያ ምልክት የተወለደው ከፎቶ ነው። ኮ ረንትሜስተር የተባለ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1984 ለላይፍ መጽሔት ጆርዳንን ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሣር ላይ አነሳው። አዘላለሉን ከባሌ ዳንስ ነው የወሰደው። ናይኪ የፎቶውን ቅጂ በ150 ዶላር ተዋሰ። ቆይቶ ተመሳሳይ አቋም በራሱ ፎቶ አንሺ ቺካጎ ላይ አስነሳ። ረንትሜስተር ሲያማርር ለሁለት ዓመት አጠቃቀም 15,000 ዶላር ተከፈለው። በ1988 ኤር ጆርዳን 3 ሲወጣ ምልክቱ ጫማው ላይ ተሰፋ። በ2015 ፎቶ አንሺው ከሰሰ። ፍርድ ቤቶቹ የአቋሙ ሐሳብ የማንም እንዳልሆነ፣ ሁለቱ ፎቶዎች ደግሞ በዝርዝራቸው እንደሚለያዩ ወስነው ክሱን ጣሉት። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም አለ።

ሰውዬው ከዚህ በኋላ ጠያቂውን በቀጥታ ጠየቀው። በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት የስኒከር ብራንዶች አንዱ ምልክቱን ያገኘው ከፎቶ ከሆነ፣ ሀዋሳ ላይ ፎቶ እንዴት ማድመቂያ ብቻ ይሆናል? እስከዚህ ድረስ ማንም ይህን በዚህ መንገድ አላየውም ነበር።

15

15ኛዋ ሞዴሏ ናት።

ስሟን አልጻፈችም። የብራንዱ ገጽ የታወቀበት ፎቶ ላይ ያለችው እሷ መሆኗን ግን ተናገረች። ሁላችንም ፎቶውን እናውቀዋለን። ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ነጭ ኤር ፎርስ አድርጋ፣ ከኋላዋ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ሰው ያንን ጫማ አገር ምድሩን አስሶ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚያ ቀን የተከፈላት አሞራ ገደል የተበላ የተጠበሰ ዓሣ ነው። ያኔ አልከፋትም፤ ጓደኛሞች ነበሩ፣ ሁሉም ባዶ ኪሱን ነበር። የከፋት በኋላ ነው። ፎቶው ለማስታወቂያ ሲዞር አልተጠየቀችም። ሌላ ከተማ ያለ ሻጭ ወስዶ የማትደግፈውን ዕቃ ሲሸጥበት ማንም አልተከራከረላትም። ቤተሰቦቿ ፎቶውን ያዩት እዚያ ላይ ነው። አሁን ደግሞ የብራንዱ መነሻ ሲጻፍ ስሟ የለም፣ ፎቶ አንሺውም የለም፣ ያለው የመጀመሪያው ገዢ ነው። ይህ እንዳሳዘናት ጻፈች። አልተሳደበችም። አንዲት ቃል እንኳን አላጋነነችም።

ከ16 እስከ 18

እነዚህን ማንበብ ከብዶኛል። አንዱ እሷን ያሳወቃት ገጹ ነው፣ ልታመሰግን ሲገባ አለ። ሌላው ቆንጆ መሆን ሥራ አይደለም የሚል ነገር ጻፈ። አንዱ ደግሞ ስለ አለባበሷ ነውር ተናገረ፤ 18ኛውን አጠፋሁት፣ ጻፊውንም አገድኩት። ቁጥሩ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። በዚህ መድረክ እህቶቻችን እየተሸማቀቁ አይጽፉም።

የ16ኛውን ግን አልደመሰስኩም፤ መልስ የሚገባው ሐሳብ ስለሆነ። መልሱን የሰጠችው 6ኛዋ ናት። ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ልያ ከበደ በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቴ ላውደር ፊት ስትሆን ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በ2007 ደግሞ በአገራችን ሸማኔዎች እጅ የሚሠራውን ለምለም የተባለ የልብስ ብራንድ መሠረተች። ሞዴል የብራንድ ጌጥ ብቻ ከሆነች ይህ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችው። አቀዝቅዞ መለሰ፤ አነጋገሩም ረገበ።

19

19ኛው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሀዋሳ ቢሮ አለው። ረጅም አልጻፈም። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚቀጥለው አንቀጽ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ የመንግሥት ሥልጣን ሲሆን፣ አደባባይ ላይ በተደረገ ነገር ውስጥ ሲታይ። ጫማ ለመሸጥ የተነሳ የሞዴል ፎቶ እነዚህ ውስጥ አይገባም። ፎቶ አንሺውን ደግሞ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ሰዎች መብት አላቸው፤ የተነሳውና ያነሳው።

የቃል ፈቃድ ዋጋ እንዳለው፣ ግን ፎቶ ለመነሳት መፍቀድና ለማስታወቂያ እንዲውል መፍቀድ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። በአንድ ገጽ ወረቀት የሚያልቅ ነገር ነው አለ።

20 እና 21

20ኛው ፎቶ አንሺው ነው፣ ያንን ፎቶ ያነሳው። ስለ ገንዘብ ምንም አላነሳም። ሞዴሏን ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያ ያ ፎቶ እንዴት እንደወጣ ጻፈ፤ ለብዙዎች ትምህርት ስለሚሆን እዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ችግሩ ነጭ ጫማና ጠይም ቆዳ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ካሜራው ብርሃኑን በጫማው ከለካ ፊቷ ይጠቁራል። በፊቷ ከለካ ጫማው ነጭ እድፍ ይሆናል፤ ስፌቱም፣ የቆዳው ሸካራነትም ይጠፋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ልዩነቱ እየሰፋ ስለሚሄድ ማንሳት ያለበት ከመውጣቷ በፊትና ገና ስትወጣ ነው። ያን ሰዓት ብርሃኑ ከሐይቁ ላይ ተንጸባርቆ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ ፊትን ይሞላል። ጫማውን ትንሽ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረ። ስልክ ሲሆን ደግሞ ፊት ላይ ተጭኖ ብርሃኑን በጣት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሌላው ነገር ርቀት ነው። ሰው ጫማ ለማሳየት ስልኩን እግር ሥር ያስጠጋል፤ ሰፊ ሌንስ ስለሆነ እግሩ ጀልባ ያክላል። ራቅ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በዙም አቅርቦ ማንሳት ነው ያለበት። አባ ኮዳውን ማንም አላዘዘውም። ዓሣ አጥማጆቹ አንጀት ሲጥሉ መጣ። ሌሎቹ ሲሸሹ እሷ ሳትነቃነቅ መቀመጧ ነው ፎቶውን ፎቶ ያደረገው።

21ኛው የእኔ ነው። የጻፍኩት ይህን ነው። ኤር ፎርሱን የሠራው ናይኪ ነው፤ ቬትናምም ይሁን የትም ተሠርቶ፣ ሌላ ሰው አድርጎት፣ በቦንዳ ተጠቅጥቆ ነው የመጣው። ሀዋሳ ላይ አልተፈጠረም። ሌላ ሻጭም ያንኑ ጫማ ይሸጣል። የዚህ ብራንድ የራሱ የሆነው፣ ሌላ ማንም ዘንድ የሌለው ነገር ፎቶው ነው። ስለዚህ መነሻው የመጀመሪያው ሽያጭ ሊሆን አይችልም፤ መነሻው ያ ንጋት ነው። ያን ቀን እዚያ የነበሩት ሁሉ መሥራቾች ናቸው፤ ያነሳው፣ የተነሳችው፣ ጫማውን አጥቦ ነጭ ያደረገው። ጠያቂው ወንድማችን ሁሉንም ያሰባሰበ ሰው ነው፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ግን የእሱ ስም ብቻ ያለበት መነሻ እውነት አይደለም። ይህን ስጽፍ ተቆርቁሬ ነው። በዚህች ከተማ ብዙ ነገር በጓደኝነት ይጀመራል፤ ገንዘብ ሲመጣ ስሙ የሚቀረው ወረቀት የያዘው ሰው ነው።

ከ22 እስከ መጨረሻው

22ኛውና 23ኛው ተስማሙ። 24ኛው አልተስማማም። ጫማውን በራሱ ገንዘብ የገዛው፣ ኪሳራውን የተሸከመው ሻጩ ነው፣ ፎቶው ባይሸጥ ሞዴሏ ምንም አትከስርም ባይ ነው። ተገቢ ክርክር ነው፤ ኪሳራ የተሸከመ ሰው ድርሻው ከፍ ማለቱን እኔም እቀበላለሁ። ከፍ ይበል እንጂ ብቻውን አይሁን። 7ኛው፣ ጫማ አጣቢው፣ ለዚያ ኤር ፎርስ እጥበት እንደተከፈለው፣ ስሙ ቢጻፍ ግን ደስ እንደሚለው ብቻ ጻፈ። 25ኛው ምላሽ ይህ ነው።

26ኛው የጠያቂው አዲስ ረቂቅ ነው። በኮንቨርስና በባልቲሞር ሱቆች ጀምሮ፣ በአበበና በኦኒትሱካ በኩል አልፎ፣ የክፍለ ሀገር ፎቶ ቤቶችን አንስቶ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ፎቶ አንሺውና አጣቢው በስማቸው ተጠቅሰዋል። ሞዴሏ ስሟ እንዲጻፍ ትፈልግ እንደሆነ እስክትነግረው ቦታው ክፍት ነው። ከዚህ በኋላ ከሚሸጠው ቲሸርት፣ ፎቶዋ ካለበት፣ ድርሻ እንደሚያስብላትም ጻፈ።

27ኛው የእሷ ነው። ስሟ እንዲጻፍ ትፈልጋለች። ድርሻው ግን በጽሑፍ እስኪሆን የድሮዎቹ ፎቶዎች ከሚከፈልበት ማስታወቂያ ይውረዱ አለች። በማግሥቱ ወርደዋል። ሌላ ከተማ ላለው ሻጭ የሕግ ባለሙያው ደብዳቤ እያዘጋጀላት ነው።

28ኛው ከአዳማ ነው። እነሱም ተመሳሳይ ነገር ሊጀምሩ ስለሆነ የስምምነቱን ናሙና ጠየቀ። የሕግ ባለሙያው አንድ ገጽ ለጥፎለታል፤ ፎቶው የት የት እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ዋናውን ፋይል ማን እንደሚይዝ፣ ሞዴሏ ሐሳቧን ከቀየረች ምን እንደሚደረግ። ክሩ አናት ላይ ሰክቼዋለሁ። ዋናው ፋይል ማን ጋ ይቀመጥ የሚለው ላይ ፎቶ አንሺዎችና ሻጮች ገና አልተስማሙም፤ በእሱ ላይ ልምድ ያላችሁ ከ29 ጀምራችሁ ጻፉ።